ፎርማት ከማድረግዎ በፊት፦ ስለ ቆዩ የቢሮ ኮምፒውተሮች የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ወደዚህ አምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አዲስ ዕቃ አይደለም። የሚጠይቁት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች እንዴት ተጠግነውና ተጠብቀው ሊሠሩ እንደሚችሉ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ መሥሪያ ቤቶች በሲስተም አስተዳዳሪነት ለዓመታት ስለሠራሁ እነዚህን ማሽኖች በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ለዚህ እትም ከደረሱት ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ። ለመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ የሰጠሁት የሌሎቹ መልሶች በእርሱ ላይ ስለሚመረኮዙ ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። «ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተብዬ የቢሮውን ዘጠኝ ኮምፒውተሮች የመጠበቅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ሁሉም በ2004 ዓ.ም. የተገዙ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያላቸውና ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ናቸው። በሦስቱ ላይ በፒችትሪ ሒሳብ እንሠራለን፤ የቀሩት ለደብዳቤ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት ያገለግላሉ። አሁን ሁሉም ዘገምተኛ ሆነዋል፤ ሁለቱ በሥራ መካከል በድንገት ይጠፋሉ፤ አንደኛው ለመከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሥራ አስኪያጃችን «ሁሉንም ፎርማት አስደርጋቸው» ብለውኛል። ለአዲስ ግዢ የሚሆን በቂ በጀት የለም። ምን እንዳደርግ ይመክሩኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ ሥራ አስኪያጅዎን አንድ ሳምንት እንዲታገሡ በአክብሮት ይጠይቁ። ፎርማት ማድረግ በአገራችን የቢሮ ጥገና ውስጥ ለራስ ምታቱም ለጉንፋኑም እንደሚታሸው ዳማከሴ ለሁሉም ሕመም የሚታዘዝ ነገር ሆኗል። ነገር ግን ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የሚያስተካክለው የሶፍትዌር ችግርን ብቻ ነው። እየሞተ ያለን ሃርድ ዲስክ፣ ያበጠ ካፓሲተርን ወይም በአቧራ የታፈነን ማቀዝቀዣ አያድንም፤ በዲስኩ ላይ የነበረውን መረጃ ግን ያጠፋል። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ወደ አንድ ቢሮ ስጠራ ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር የደረስኩት። ጠጋኙ «ሰነዶቹን ወደ ዲ ድራይቭ አዛውሬያለሁ» ብሎ ሲ ድራይቭን ፎርማት አድርጎት ነበር። ያዛወረው ግን በዴስክቶፕና በማይ ዶክመንትስ የነበረውን ብቻ ነው። ፒችትሪ የድርጅቱን ሒሳብ የሚያስቀምጠው በራሱ ማውጫ ውስጥ መሆኑን ስላላወቀ የሦስት ዓመት ሒሳብ ጠፋ። ሠራተኞቹ ከወረቀት ቫውቸር እያነበቡ እንደገና ሲያስገቡ ከርመዋል። እነዚያን ሠራተኞች ካየሁ ወዲህ ከኮፒ በፊት ምንም ነገር እንዲነካ አልፈቅድም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ መረጃውን ማውጣት ነው፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይግዙ። የፒችትሪውን በፕሮግራሙ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተዘግቶ ሳለ የድርጅቱን የሒሳብ ፎልደር ሙሉ በሙሉ ይቅዱ። የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ዴስክቶፕ፣ ሰነዶችና ዳውንሎድስ ይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የፎንቶች ማውጫን ነው። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች በዩኒኮድ የተቀመጡ ስላልሆኑ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ፊደሉ ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ይለወጣል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ቢሮዎቻችን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በአሮጌዎቹ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል፤ ፎንቱ ከጠፋ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ አብሮ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ቅጂው ሲያልቅ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱትና ጥቂት ሰነዶችን ያንብቡ፤ ተከፍቶ ያልተፈተሸ ቅጂ እንዳለ አይቁጠሩት።

ለመከፈት ሩብ ሰዓት የሚፈጀውን በጥንቃቄ ይያዙት፤ የዲስክ መድከም ምልክት ሊሆን ይችላልና። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን ጤንነት ያሳያል። ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ከተለወጠ፣ ወይም ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ፣ ዊንዶውስ የሚያቀርብልዎትን የዲስክ ጥገና ትእዛዝ አያስጀምሩ። የደከመን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር የሚያስነብብ ጥገና የቀረችውን ዕድሜ ሊጨርሳት ስለሚችል፣ አስፈላጊውን ሰነድ አስቀድመው ይቅዱና ዲስኩን ያሰናብቱ።

በድንገት ለሚጠፉት ሁለቱ ደግሞ ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት ደብተር ይክፈቱ። የጠፉበትን ሰዓት፣ ከተከፈቱ ስንት ደቂቃ እንደሆናቸው፣ ምን እየተሠራባቸው እንደነበርና ሌሎቹ ኮምፒውተሮች አብረው መጥፋት አለመጥፋታቸውን ይመዝግቡ። ዊንዶውስ በኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» ብሎ የሚመዘግበው ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን ስላልሆነ፣ ምክንያቱን የሚነግርዎት የእርስዎ ደብተር ነው። ብዙዎቹ በአንድ ቅጽበት ከጠፉ ችግሩ በመስመሩ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ከተከፈተ ከሃያና ሠላሳ ደቂቃ በኋላ፣ በተለይም ከባድ ሥራ ሲሠራ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀቱን ይጠርጥሩ። የባሕር ዳር በጋ፣ ከሁሉም በላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ወቅት፣ በአቧራ ለታፈነ ማሽን ከባድ ነው። ገመዱን ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱ፤ አቧራውን በብሎወር ሲያወጡ ፋኑ በነፋሱ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ከአሥር ዓመት በኋላ ደርቆ ስለሚገኝ ጠርገው አዲስ ይቀቡ። ያለ ምንም ሥርዓት፣ አንዳንዴ ገና ሲከፈት አንዳንዴም ከሰዓታት በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩን ከጤነኛው ኮምፒውተር ጋር ቀያይረው ይሞክሩ። ችግሩ አብሮት ከተዛወረ ጥፋተኛውን አግኝተዋል። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን አይክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አለን የሚሉ ብዙ ቢሮዎች ያላቸው ባዶ ሣጥን ነው፤ በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ እንደ አያያዙ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ያሳጥረዋል። ሥራዎን አስቀምጠው የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ከጠፋ ዩፒኤሱ ሳይሆን ባትሪው መቀየር አለበት። ሌዘር ፕሪንተርን በዩፒኤስ ላይ አይሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልክ መስመሩንና ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘውን የኔትዎርክ ገመድም ይንቀሉ፤ በስልክ መስመር የገባ የመብረቅ ኃይል እስከ ማዘርቦርዱ ሊደርስ ይችላል።

ጤነኛ ሆነው ዘገምተኛ ለሆኑት ካለዎት ጥቂት በጀት የመጀመሪያውን ብር በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ላይ ያውሉት። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ መተካት ለእንደዚህ ያለ ኮምፒውተር ከየትኛውም ሌላ ለውጥ ይልቅ የሚታይ ፍጥነት ይሰጠዋል። ራም ከመግዛትዎ በፊት የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑን ይመልከቱ፤ ባለ 32 ቢቱ ካለው 4 ጊጋባይት እንኳ ከ3 ብዙም ያላለፈውን ብቻ ስለሚጠቀም በእርሱ ላይ ራም መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ጥበቃው ልምጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማስተካከያ መስጠት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለድርጅቶች በክፍያ የሚራዘመው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልና ከኢንቴል በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ በ2004 ዓ.ም. የተገዙት የእርስዎ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። ገደቡን አልፈው የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ለተጫነ ኮምፒውተር ማስተካከያው መምጣቱን ማይክሮሶፍት ዋስትና ስለማይሰጥ የሰው ገንዘብ ለሚመዘግብ ቢሮ አልመክረውም። ማስተካከያ አለማግኘት ምን እንደሚያመጣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ በተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ዓለም አይቶታል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ያልጫኑት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች፣ አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7፣ ፋይላቸው ተቆለፈባቸው። ቫይረሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው ኤስኤምቢ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ዘዴ የመጀመሪያ ስሪት በኩል ነበር።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዘጠኙን በሦስት እከፍላቸዋለሁ። ሦስቱ የፒችትሪ ኮምፒውተሮች በራሳቸው ትንሽ ስዊች እርስ በርስ ብቻ ተገናኝተው ከኢንተርኔት ፈጽሞ ይለዩ፤ ከራውተሩ የሚመጣ ገመድም ሆነ ዋይፋይ አይኑራቸው። ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣው ፍላሽ አይሰካባቸው፤ ለባክአፕ የተመደቡት ሁለቱ ዲስኮች ብቻ ይግቡ። ለደብዳቤና ለኤክሴል ብቻ በሚያገለግሉት አምስቱ ላይ በዊንዶውስ ቦታ የሚገባውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ የወርድንና የኤክሴልን ሥራ ከሚሠራው ነጻ ፕሮግራም ከሊብረኦፊስ ጋር ይጫኑ፤ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ የደኅንነት ማስተካከያው በነጻ ይመጣል፣ የቀድሞዎቹን የግዕዝ ፎንቶች ደግሞ ከቀዱት ማውጫ ወስደው ሊጭኑበት ይችላሉ። ሠራተኞች በመጀመሪያው ሳምንት ያጉረመርማሉ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው ያሳዩአቸው። ለባንክ፣ ለግብርና ለመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የሚውለውን አንዱን ግን፣ ማኅበሩ እንደምንም ብሎ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ በሕጋዊ ዊንዶውስ 11 ይተካው። ሻጩ የሚያሳይዎት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ቁጥር እንደ i5-8400 ባለ አራት አሃዝና በ8 የሚጀምር ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው።

በሁሉም ላይ ሠራተኛው የሚሠራበት አካውንት የአድሚን መብት የሌለው ይሁን፤ የአድሚኑን የይለፍ ቃል እርስዎና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ይወቁት፤ በታሸገ ፖስታም በካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱን የባክአፕ ዲስኮች በየሳምንቱ ያፈራርቁ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ከቢሮው ውጪ ይደር። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሲገባ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋልና። «አንቲቫይረሱን አጥፋው፣ ከዚያ ክራኩን አስነሣው» የሚልዎትን ጠጋኝ ደግሞ በጨዋ ቃል ያሰናብቱ። ስቶፕ ወይም ጃቩ በመባል የሚታወቀው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ዋነኛ መግቢያው እንደነዚህ ያሉ፣ የፕሮግራምን ፈቃድ ያለ ክፍያ ለማለፍ የሚያገለግሉ ክራኮችና አክቲቬተሮች ነበሩ።

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተሬን በየጠዋቱ ስከፍተው ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘዋለሁ። እኔም በየዕለቱ በእኛ ቀንና ሰዓት አስተካክለዋለሁ። ሆኖም ኢሜይል ስከፍት «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ እኔም «ቀጥል» የሚለውን እየተጫንኩ እገባለሁ። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይመስለኝም፤ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ተደርበዋል። የመጀመሪያው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ማለቋ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስኬደው እርሷ ናት። ቢሮዎቻችን ማታ ማታ ሶኬቱን ስለሚነቅሉ ወይም ቆጣሪውን ስለሚያጠፉ ከሌላ አገር ባትሪ ይልቅ ፈጥና ታልቃለች፤ ሶኬቱ ሲነቀል ሙሉውን ሸክም የምትሸከመው እርሷ ብቻ ናትና። ስትገዙ ቁጥሩን ያስተውሉ፤ ሲአር 2025 ቮልቱ አንድ ቢሆንም ቀጭን በመሆኑ በቦታው ሊላላ ይችላል። ባትሪዋ ከተቀየረች በኋላ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ እንቢ ካለ አይደንግጡ፤ የባዮሱ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ቅንብር ወደ መነሻው ሲመለስ የዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ወይም ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ ተለውጦ ይሆናል፤ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ይነሣል።

ሁለተኛው ምክንያት ከእኛው አቆጣጠር ጋር የተያያዘ ነው፤ በውጭ አገር መመሪያዎችም ተጽፎ አያገኙትም። የኮምፒውተሩን ዓመት 2018 ብለው ሲሞሉ፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት መነሻና ማብቂያ ቀን አለው፤ የእርስዎ ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉንም ገና ወደፊት የሚሰጡ አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አይቀበላቸውም። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ከሞሉት የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ዓመተ ምሕረቱን እ.ኤ.አ. አድርገው፣ የሰዓት ክልሉን ከዩቲሲ በ3 ሰዓት የሚቀድመውን፣ በዊንዶውስ ዝርዝር «ናይሮቢ» የተባለውን ይምረጡ፤ ከዚያም ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል ያድርጉ። የመዝገብ ደብዳቤዎን ቀን በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ለዚህ የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

አጥብቄ የምለምንዎት ግን «ቀጥል» የሚለውን ከመጫን ልማድ እንዲወጡ ነው። ያ ማስጠንቀቂያ የተሠራው የይለፍ ቃልዎን ለመስረቅ በመካከል የገባ ሰው ሲኖር ለማሳወቅ ነው። በየጠዋቱ በሐሰት ሲጮኽ የለመደ ሰው በእውነት የጮኸ ዕለትም ያልፈዋል፤ የመዝገብ ቤት የይለፍ ቃል ደግሞ የብዙ ሰው ጉዳይ የተቀመጠበት ነው።

ጥያቄ፦ በፔዳ ግቢ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ቤት አለኝ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ያመጣሉ። ፍላሹ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ይለወጣሉ፤ «ሥራዬን አጠፋሽብኝ» እየተባልኩ ስወቀስ ሰነበትኩ። ሌሎች ደግሞ ቴሌግራማቸውን በእኔ ኮምፒውተር ከፍተው ፋይል ያወርዳሉ። ደንበኞቼን ሳላጣ እንዴት ልከላከል?

መልስ፦ የተማሪዎቹ ሥራ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቃቸውና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሰው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱ በኮምፒውተሩ ላይ ይነሣል፤ በኋላ ወደሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይሻገራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፍላሽ ሲያዩ ምንም አይጫኑ፤ ፎርማትም አያድርጉት። በፎልደር ቅንብር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ቫይረሱ ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል ጭምር አድርጎ ስለሚመዘግባቸው «የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» በሚለው ላይ ያለውንም ምልክት ማንሣት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ እውነተኛዎቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ ሰነዶቹን ብቻ ይቅዱ። ሾርትከቶቹንና የማያውቋቸውን ፕሮግራሞች ይተዉአቸው።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ከቤትዎ ካሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱን ሊኑክስ ጭነውበት የፍላሽ መቀበያ ማድረግ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራው የሾርትከት ቫይረስ በእርሱ ላይ አይነሣም፤ የተደበቁት ፎልደሮችም እንደ ማንኛውም ፎልደር በግልጽ ይታያሉ። ሠራተኛዎ ፍላሹን እዚያ ይቀበል፣ የሚታተመውን የወርድ ወይም የፒዲኤፍ ሰነድ ብቻ ለይቶ ወደ ማተሚያው ኮምፒውተር ይላክ። የሚቻል ከሆነ ሊብረኦፊስ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ መላክ ይሻላል፤ የገጹ አሰላለፍ ሊዛባ ስለሚችል ግን ተማሪው ከመታተሙ በፊት ይየው። የወርድ ሰነድ ሲከፈት «ማክሮ ይፈቀድ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው፤ ማክሮ በሰነድ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነውና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ምክንያት የለውም።

የማተሚያውን ኮምፒውተር በዲፕ ፍሪዝ የሚያስተዳድሩ ከሆነ መልካም ነው፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ ንጹሕ ይዞታው ይመለሳል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የዊንዶውስንና የአንቲቫይረስን ማስተካከያም አብሮ ስለሚመልሰው፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ ከቅዝቃዜው አውጥተው ማስተካከያውን ጭነው መልሰው ይቆልፉት። ይህን የማያደርጉ ብዙ የኮምፒውተር ላብራቶሪዎች አይቻለሁ፤ ኮምፒውተራቸው በየቀኑ ወደ ዓመታት በፊት ቀዳዳው ይመለሳል።

ቴሌግራምን በተመለከተ ደንበኛው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አካውንቱን አይክፈት። ለቤቱ የተለየ የቴሌግራም አካውንት ያውጡና ደንበኛው ከስልኩ ይላክልዎት፤ ታትሞ ሲያልቅ ከእርስዎም ከእርሱም በኩል ይሰረዝ። እስከ አሁን ከፍተው የሄዱ ደንበኞች ካሉ በስልካቸው ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» ከሚለው ገብተው የእርስዎን ኮምፒውተር ማስወጣት እንደሚችሉ በወረቀት ጽፈው በግድግዳው ላይ ይለጥፉላቸው። የተማሪን ሥራና የግል መልእክት የሚጠብቅ ቤት መሆንዎ ሲታወቅ ደንበኛ የሚያጡ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተሩ ወደ ሐይቁ በሚያየው መስኮት ሥር ነው። በክረምት አንዳንድ ቀን ድምፅ እያሰማ አይከፈትም፤ በውስጡ የሞቱ ነፍሳት ሞልተዋል፤ ፕሪንተሩም ወረቀት ያጣብቃል።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቦታውን ይቀይሩ፤ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ከወለሉም ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የሐይቁ ትንኞች ወደ ብርሃን ስለሚመጡ ማታ የስክሪኑ ብርሃን ቀንሶ መስኮቱ ይዘጋ፤ ነፋስ በሚገባበት በኩል የሚታጠብ ስስ መረብ ያድርጉበትና በየሳምንቱ ያራግፉት። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ በፕላስቲክ አይሸፍኑት። ሲከፈት የሚያሰማው ተደጋጋሚ ድምፅ ብዙ ጊዜ የራም ችግር ነው፤ በእርጥበት የራሙ የብረት ጥርሶች ይበላሻሉ። ገመዱን ነቅለው ራሙን ያውጡ፣ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይጥረጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፈው እስኪቆልፍ ድረስ ይመልሱት። የወረቀቱ መጣበቅ ከእርጥበት ነው፤ የተከፈተ እሽግ በፕሪንተሩ ውስጥ አያሳድሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይደር። የእንግዶች ዋይፋይና ይህ ኮምፒውተር በአንድ ኔትዎርክ ላይ ካሉ ደግሞ በራውተሩ ላይ የእንግዳ ኔትዎርክ የሚለውን ከፍተው ዛሬውኑ ይለያዩአቸው፤ የእንግዶች የፓስፖርት ቅጂ የሚቀመጥበት ማሽን ነውና።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮችን በሐይቁ ማዶ ላለ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ወስኗል። ዲስኮቹን ፎርማት አድርገናል፤ ይበቃል?

መልስ፦ ፈጣኑን ፎርማት ካደረጋችሁ አይበቃም፤ የሚጠፋው ማውጫው እንጂ ሰነዱ አይደለም፤ በነጻ በሚገኝ የመልሶ ማግኛ ፕሮግራም አንድ ጎበዝ ተማሪ ሊያወጣው ይችላል። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ «ፈጣን ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንሥታችሁ ሙሉውን ፎርማት አድርጉ፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፤ ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ አስጀምራችሁት ሂዱ። በኤስኤስዲ ላይ ግን ይህ መንገድ አስተማማኝ ስላልሆነ የአምራቹን የማጥፊያ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ሞቶ የማይነሣ ዲስክ ከሆነ አውጥታችሁ ሳህኑን በመሰርሰሪያ ብሱት፤ ትምህርት ቤቱ ያለ ዲስክ ቢረከበውና ሌላ ቢገዛለት ይሻላል። ትላልቆቹ የኮፒ ማሽኖችም በውስጣቸው ሃርድ ዲስክ ሊኖራቸው እንደሚችል አትርሱ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የባለጉዳይን መረጃ መጠበቅ የመሥሪያ ቤቱ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር፣ የጸዳበትን ቀንና ያጸዳውን ሠራተኛ ስም በርክክብ ሰነዱ ላይ አስፍሩ። ለትምህርት ቤቱ ከመላካችሁ በፊትም ሊኑክስና ሊብረኦፊስ ጭናችሁ፣ የአማርኛ መጻፊያውን አስተካክላችሁ፣ አዲስ ሲአር 2032 ባትሪ ጨምራችሁ ላኩላቸው።